በንስሐና በኑዛዜ መካከል፦ በእርጅና ዘመን ስለሚጻፍ የፍቅርና የትዳር ትዝታ

1. መነሻ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ፣ ይልቁንም ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ ግለ ታሪክ በአማርኛ መጻሕፍት መካከል ሰፊ ቦታ ይዟል። ሚኒስትሮች፣ የጦር መኮንኖች፣ ዲፕሎማቶች፣ አርበኞችና የፓርቲ አባላት የነበሩ ሰዎች ያዩትንና የሠሩትን ጽፈዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ብዕር ያነሡት ዕድሜያቸው ሰባውን ወይም ሰማንያውን ካለፈ በኋላ ነው። መጻሕፍቱ ለታሪክ ተመራማሪ ያስገኙት ጥቅም አያከራክርም። ይሁን እንጂ አምስት ስድስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው፣ መልኩ እምብዛም ሳይለወጥ የሚመላለስ አንድ አንቀጽ ማግኘቱ አይቀርም። በአንቀጹ የጋብቻው ዓመት፣ የሙሽራይቱ አባት ስምና ማዕረግ፣ በመጨረሻም የተወለዱት ልጆች ቁጥር ይገኛል። ከዚያ በኋላ ገጹ ይገለጥና ጸሐፊው ወደ ሹመቱ ይመለሳል። አርባና ሃምሳ ዓመት አብራው የኖረችው ሴት ዳግም የምትነሣው፣ ከተነሣችም፣ ስትታመም ወይም ስትቀበር ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አንቀጽና አንቀጹ ስለ ሸፈነው ነገር ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ ይሞክራል። የምከራከርለት ነጥብ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ስለ ፍቅራቸውና ስለ ትዳራቸው የሚጽፉት ለታሪክ ማጣፈጫ የሚጨመር ወግ ሳይሆን ራሱ ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ የእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ዋጋ በገለጠው ምስጢር ብዛት አይመዘንም፤ የሚመዘነው ቀርቦ መልስ ሊሰጥ ለማይችለው ለሌላው ወገን በሰጠው ቦታ ነው።

2. የአንድ ቃል ሁለት ኑሮ

ትዝታ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ኑሮ አለው። በዜማ ረገድ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠር ቅኝት ሲሆን፣ ዘፈኑም የተለየውን ወዳጅ የሚጣራ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ ትዝታ ሲጀምር፣ ስለ ሹመት ወይም ስለ ዘመቻ ይነግረኛል ብሎ የሚጠብቅ አድማጭ የለም። ቃሉ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲወጣ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ትዝታ ማለት ጦርነት፣ መሥሪያ ቤት፣ ጉባኤና እሥር ነው።

ለዚህ ከክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ለአማርኛ አንባቢ የማይረሳ አድርገውታል። ዕድሜያቸው ሰማንያውን አልፎ በ1985 ዓ.ም. «ትዝታ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጡ ግን፣ የመጽሐፉ ጉዳይ የጣሊያን ወረራ፣ የዘመቻው ኑሮና የምርኮው ዘመን ነበር። ይህን ስል ደራሲውን መውቀሴ አይደለም፤ ማንም ጸሐፊ ጉዳዩን የመምረጥ መብት አለው፣ የአርበኝነቱም ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነበር። የምለው ይህን ነው፦ በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ያልተጻፈ የሥራ ክፍፍል አለ። ፍቅር ለልብ ወለድ ተሰጥቷል፤ የጸሐፊው የራሱ ሕይወት ደግሞ ለመንግሥት ታሪክ ተሰጥቷል። ልብ ወለዱ ስለ ሌሎች ሰዎች ስለሆነ ማልቀስ ይፈቀድለታል፤ ግለ ታሪኩ ስለ ራስ ስለሆነ ማልቀስ አይፈቀድለትም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ጋብቻቸው የሚናገሩት በአጭሩ ነው። የእቴጌ መነንን የትውልድ ሐረግ ይገልጻሉ፤ የባሕርያቸውን መልካምነት በጥቂት ቃል ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ወደ አገር ጉዳይ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ቅጽ የተጻፈው በ1929 ዓ.ም. በስደት ላይ፣ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ገና የ45 ዓመት ሰው ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. ሲታተም ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሆነዋል፤ በ1903 ዓ.ም. ያገቧቸው እቴጌም በ1954 ዓ.ም. ካረፉ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ከሃምሳ ዓመት ትዳር በኋላ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ የሚናገረውን ድምፅ ስንፈልግ የምናገኘው የጎልማሳውን ድምፅ ነው። መጽሐፉ የንጉሥ መጽሐፍ ነውና ይህ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፣ ንጉሥ ያልሆኑት ጸሐፊዎችም በዚያው ልክ መጻፋቸው ነው።

3. ገመና፣ አክብሮትና የክስ መልስ

ለዚህ ዝምታ ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ገመና የምንለው ነገር ነው። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላልና፣ የአንደኛውን ጉድለት ማውጣት የራስን ጉድለት ማውጣት ነው። ቤት ያፈራውን ቤት ይሸፍነዋል። ይህ ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ተቆጥሮ የሚናቅ አይደለም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዕድርና በአንድ ደብር የሚኖሩ ሰዎች ተከባብረው እንዲኖሩ ያስቻለው ይኸው መሸፋፈን ነው። ደግሞም ዝምታ ሁልጊዜ የፍቅር ማነስ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ እጅግ የሚወዱትን ሰው ስም በሰው ፊት ደጋግሞ ማንሣት የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት በቋንቋው ውስጥ ያለ ነው። በቀድሞው ጨዋ ቤት ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ «እርስዎ» ትለዋለች፣ ለሌላ ሰው ስታወራም «እሳቸው» ወይም «የልጆቼ አባት» ትላለች። ባልም ሲጽፍ «ባለቤቴ ወይዘሮ እገሊት» ብሎ በአንቱታ ያስቀምጣታል። አንቱታ ክብር ነው፤ ነገር ግን መጋረጃም ነው። በአንቱታ የተጻፈች ሴት አትቆጣም፣ አትቀናም፣ አትስቅም፣ ሌሊት ተነሥታ አታለቅስም። ጸሐፊው አክብሮ ስሟን ሲያነሣ መልኳን ይሰውርብናል።

ሦስተኛው የዘመናችን ነው። ከአብዮቱ በኋላ የተጻፈው ግለ ታሪክ አብዛኛው የክስ መልስ ነው፤ «እኔ በዚያ ቀን እዚያ አልነበርኩም፣ ብኖርም ተቃውሜያለሁ» የሚል። እንዲህ ባለ የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ትዳር ለክርክሩ የሚጠቅም ማስረጃ ሆኖ ስለማይታይ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በደርግ ዘመን ባሏ የታሠረባት ሴት ስንቅ ቋጥራ ከወኅኒ በር ስትመላለስ ኖራለች። አንድ ቀን «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» በተባለች ጊዜ ባሏ መገደሉን ተረድታለች፤ ሬሳ አልተሰጣት፣ ልቅሶ እንኳ እንዳትቀመጥ የተከለከለች ነበረች። ይህ የትዳር ታሪክ ነው ወይስ የፖለቲካ ታሪክ? ሰባትና ስምንት ዓመት ታሥሮ የወጣው ሰው እቤቱ ሲገባ ያገኛት ሴት ትቷት የሄደው ሴት አይደለችም፤ እሷም የተቀበለችው ሰው ያገባችው ሰው አይደለም። ሁለቱ እንደገና እንዴት አንድ ማዕድ ቀረቡ? አብዮቱ በሰው ላይ ያደረሰውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ መልሱም ከባለታሪኮቹ አንደበት በቀር በየትኛውም ቤተ መዛግብት አይገኝም።

4. የእንፍራዙ ሽማግሌ

ስለ ትዳር በእርጅና መጻፍ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚል ቢኖር፣ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»ን ማስታወስ ይገባል። መጽሐፉ ራሱ እንደሚለው ጸሐፊው በአክሱም አቅራቢያ የተወለደ ሊቅ ሲሆን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በዋሻ ተቀምጧል፤ በኋላም በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ሲያስተምርና መጻሕፍት ሲገለብጥ ኖሯል። ሐተታውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1667፣ በ68 ዓመት ዕድሜው ነው። ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሕግ ከሚያነሣቸው ታላላቅ ጥያቄዎች መካከል ስለ ጋብቻው የሚናገር አጭር ክፍል ይገኛል። ያገባት ኂሩት የጌታው የሀብቱ ቤት አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም እንዳልነበረች አይደብቅም፤ ደግነቷን፣ ብልህነቷንና ትዕግሥቷን ያመሰግናል። ከጌታዋ ሲጠይቃትም አገልጋዩ እንድትሆን አልፈለገም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ይላል። እሷም እጅግ ስለ ወደደችው፣ እሱም እሷን ለማስደሰት እንደ ወሰነ፣ ትዳራቸውም በፍቅር የተሞላ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ስለ መጽሐፉ ደራሲነት ያለው ክርክር የታወቀ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታው በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የነበረው የጣሊያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ጽፏል፤ ክላውድ ሰምነር ኢትዮጵያዊነቱን በብርቱ ተከራክሯል፤ በዚህ በያዝነው መቶ ዓመትም አናይስ ቪዮን ጥርጣሬውን እንደገና አንሥታለች። ለያዝነው ጉዳይ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ያስተምረናል። መጽሐፉ የኢትዮጵያዊው ሊቅ ከሆነ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ስለ ሚስቱ ያለ መጋረጃ ጽፏል ማለት ነው። የመነኩሴው ከሆነ ደግሞ፣ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ በሕይወት የነበረ እንዲመስል ለማድረግ ሚስት ያስፈልገዋል ብሎ አስቦ ነበር ማለት ነው።

በሥነ ጽሑፍ ረገድ ግን የክፍሉ ኃይል ከየት መጣ? አንደኛ፣ ግዕዙ የአማርኛን አንቱታ አያውቅምና፣ ጌታውም አገልጋይቱም በአንድ ዓይነት ሰዋስው ይነገራሉ። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ያለ ማቈላመጥ መልከ መልካም አልነበረችም ማለቱ ምስጋናውን እንድናምነው ያደርገናል። ሦስተኛ፣ ፍቅሩን እሷ እንደ ጀመረችው፣ እሱ መልስ እንደ ሰጠ ይናገራል፤ በዚህም የታሪኩን ግማሽ ለእሷ ይለቅላታል። በጥቂት መስመር ውስጥ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ከዘመናችን ግለ ታሪኮች ብዙዎቹ በአራት መቶ ገጽ ይህን አላደረጉም። ሆኖም ኂሩት ራሷ ምን ትል እንደ ነበር አናውቅም፤ ሐተታው የሚያስተምረን ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

5. የጎንደሯ ወይዘሮ የተመኙ

ሐተታው ያልሰጠንን የሚስቲቱን ቃል በሌላ መጽሐፍ እናገኘዋለን። አይዳ ዕደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የሚስቲቱ ተረክ» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ የአያቷን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ይተርካል፤ በ2019ም በእንግሊዝ አገር የኦንዳቺን ሽልማት አግኝቷል። ወይዘሮ የተመኙ ከመቶ ዓመት በፊት በጎንደር ተወልደው፣ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው በሃያ ዓመት ያህል ለሚበልጧቸው ቄስና ባለቅኔ ለአለቃ ጸጋ ተዳሩ። ወረራውን፣ የንጉሡን መመለስ፣ የባላቸውን መታሠርና መሞት፣ አብዮቱንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ አይተው ከዘጠና ዓመት በላይ ኖሩ። ለባላቸው ፍትሕ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ብለዋል። መጽሐፉ የተሠራው በእርጅናቸው ዘመን ለልጅ ልጃቸው ካወሩት ነው፤ ክፍሎቹም ከመስከረም ጀምሮ በኢትዮጵያ ወራት ይቆጠራሉ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለቃ ጸጋ ሁለት ፊት አላቸው። ሕፃኗን ሚስታቸውን እንደ ልጅ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው፤ ከቤት እንዳትወጣ የሚከለክሉና እጃቸውን የሚያነሡም ሰው ናቸው። ጎልማሳ ወይም ወጣት ጸሐፊ ቢሆን ከሁለቱ አንዱን ይመርጥ ነበር፤ ወይ ክስ ወይ ውዳሴ ይጽፍ ነበር። የዘጠና ዓመቷ ወይዘሮ ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛሉ። የደረሰባቸውን አይክዱም፤ ለባላቸው ስም መቆማቸውንም አይክዱም። ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚቃወም ሰው፣ ይህ ጸሐፊም አንዱ ነው፣ ከየትኛውም የጥናት ወረቀት ይልቅ ከዚህ ትረካ ይማራል፤ በደሉ ከፍቅር ጋር ተጠላልፎ ስለ ቀረበ ይበልጥ ይከብዳልና።

በመጽሐፉ ላይ የማነሣው አንድ ቅሬታ በጸሐፊዋ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው። ጨዋታው በአማርኛ ተጨዋውቶ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። አንዲት ሴት ስለ ባሏ በአንድ ዓረፍተ ነገር «እሳቸው» ብላ በሚቀጥለው «እሱ» ስትል፣ በሁለቱ መካከል የትዳሩ ሙሉ ታሪክ አለ፤ ይህን ልዩነት እንግሊዝኛ አይሸከመውም። አይዳ በተማረችበት ቋንቋ ጻፈች፤ ሥራዋንም በሚገባ ሠራችው። በአማርኛ ሊጽፉ የሚችሉት የእነዚያ አያቶች ልጆች፣ ማለትም እኛ፣ በዚያን ጊዜ ስለ መሬት ይዞታና ስለ መደብ ትግል ስንከራከር ነበር።

6. ከሌላ አገር አንድ ንጽጽር

የመሸፋፈን ልማድ ሲላላ ምን እንደሚከተል ለማየት የእንግሊዛዊቷን የዳያና አትሂልን መጻሕፍት መመልከት ይጠቅማል። አትሂል በአንድሬ ዶይች ማተሚያ ድርጅት ለረጅም ዘመን አርታኢ የነበረች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመችው የመጀመሪያ ትዝታዋ በወጣትነቷ ስለ ደረሰባት ክህደት ጻፈች፤ እጮኛዋ የጦር አብራሪ ሆኖ ወደ ውጭ ከሄደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሌላ ሴት ለማግባት ልቀቂኝ ብሎ ጽፎላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ90 ዓመቷ፣ ስለ እርጅና በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ የሥጋ ፍላጎት ከሰው እንዴት እንደሚለይ፣ ለብዙ ዓመታት አብሯት ከኖረው ከጃማይካዊው ተውኔት ጸሐፊ ከባሪ ሬኮርድ ጋር የነበራት ፍቅር እንዴት ወደ ወዳጅነት እንደ ተለወጠ፣ እሱም ሌላ ወጣት ወዳጅ ሲይዝ ሦስቱም በአንድ ቤት እንደ ኖሩ ትተርካለች። መጽሐፉ በአገሯ የኮስታ ሽልማትን አገኘ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2019 በ101 ዓመቷ አረፈች።

የእኛ ሽማግሌዎች እንዲህ ይጻፉ ማለቴ አይደለም፤ ልማዳችን ሌላ ነው፣ እንደዚያ ቢጽፉም ውሸት ይሆንባቸዋል። ከአትሂል የምንማረው ሌላ ነገር ነው። በራሷ ላይ የምትፈርደው በሌሎቹ ላይ ከምትፈርደው ይከብዳል። ቅናት ያልተሰማት መሆኑን ስትናገር እንኳ ይህን እንደ ጽድቅ አትቆጥረውም፤ ምናልባት የልብ መቀዝቀዝ ይሆን ብላ ትጠይቃለች። ብዙ መግለጥ ብቻውን እውነተኛነት አይደለም፤ ራስን ከዳኝነት አለማስቀረት ግን ወደ እውነተኛነት ያቀርባል።

7. መለኪያው

አማርኛ «ተናዘዘ» የሚለውን ግሥ በሁለት ቦታ ይጠቀምበታል። ሰው ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ለሽማግሌዎችም ንብረቱን ይናዘዛል። አንደኛው ምስጢር ነው፣ ሁለተኛው የአደባባይ ነገር ነው። አንድ አረጋዊ ሊሞት ሲቃረብ የሚናገርባቸው የታወቁት መንገዶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በእርጅና የሚጻፍ የትዳር ትዝታ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ለካህን የሚነገረውን ለአንባቢ ይነግራል፤ በመሬትና በቤት ፈንታ ትዝታን ያወርሳል። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። በንስሐ ጊዜ ካህኑ የሌላውን ሰው ኃጢአት አትንገረኝ ይላል፤ በኑዛዜም ጊዜ ወራሾች ቀርበው ይከራከራሉ። ለትዝታ ግን ከልካይም ተከራካሪም የለውም። የትዳር ጓደኛው ሞቷል፤ የጸሐፊው ማስታወስም በዕድሜ ብዛት ለስልሶ ጠርዙን አጥቷል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተጣሉ ባልና ሚስት በመጽሐፍ ላይ አንድ ቀን ሳይጋጩ ኖረው ይገኛሉ።

ስለዚህ ሃያሲው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሟቹ ወይም ሟቿ በመጽሐፉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጸሐፊውን ይረቱታል ወይ? ጸሐፊው ራሱ ያደረሰውን በደል በስሙ ይጠራዋል ወይስ «የዘመኑ ልማድ ነበር» ብሎ ያልፈዋል? የተሸፈነው ነገር የተሸፈነው ለሌላው ክብር ነው ወይስ ለራስ? በሦስተኛው ጥያቄ ገመና ቦታውን ያገኛል። ለሟች ክብር ሲባል ዝም ማለት ደግ ነው፤ የራስን ጥፋት በሟች ክብር መሸፈን ግን ሌላ ነው።

8. መደምደሚያ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከበደል ነጻ ሆኜ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በስደት ከተማችን የሚኖሩ አንድ አረጋዊ በእጅ የተጻፈ ትዝታቸውን እንዳይላቸው ሰጡኝ። ስለ ሥራ ዘመናቸው የጻፉት ከሌሎች መጻሕፍት የታወቀ ነበር። በመካከሉ ግን ስለ ባለቤታቸው አሥራ አንድ ገጽ ነበረ፤ እሳቸው በታሠሩበት ዘመን ባለቤታቸው ጌጣቸውን እየሸጡ ልጆች እንዳሳደጉ፣ ከወጡ በኋላም ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ ቤት ሳይነጋገሩ እንደ ኖሩ፣ ዝምታውን የሰበረው ምን እንደ ነበረ። እኔም በኅዳጉ ላይ «ይህ ክፍል የታሪክ ጠቀሜታ ስለሌለው ቢወጣ» ብዬ በቀይ ጻፍሁ። ሰውዬው አመስግነውኝ ገጾቹን አወጡ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። መጽሐፉ በጥቂት ቅጂ ታትሞ በጥቂት ቤቶች ይገኛል፤ አሥራ አንዱ ገጽ ግን የትም የለም። ዝምታውን የሰበረው ነገር ምን እንደ ነበረ ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

በየከተማው ያሉት አረጋውያን እየተመናመኑ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ጥያቄ አላቸው፣ ቋንቋው ግን ከእጃቸው እየወጣ ነው። እኛ በመካከል ያለነው ቋንቋውንም ጥያቄውንም ይዘናል። አንድ ሽማግሌ ስለ ሚኒስቴሩ ሲያወራልን፣ በዚያን ዓመት ቤታቸው ማን ነበር፣ ማን አኮረፈ፣ ማን ታረቀ ብለን እንጠይቅ፤ አሮጊቷንም ባላቸው በሌሉበት ለብቻቸው እንጠይቅ። የሚሰጡንን ቃል በተናገሩት አማርኛ፣ «እሳቸው»ውንም «እሱ»ውንም ሳናስተካክል እንጻፈው። ለኅትመት የማይሆነው ለኅትመት አይሁን፤ ውሳኔው የባለታሪኮቹ ነው። ቀይ ቀለሙን ግን እናስቀምጠው።